ለአራስ፣ ለሙሽራና ለአክስት በእጅ የሚሠራ ስጦታ፦ ከልባሽ ተራ ምን ይገዛ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ለሌሎችም እንዲገባ ላሳጥረው። የምትኖሪው ኮምቦልቻ ነው፤ ደሴ ያለችው የወንድምሽ ሚስት በቅርቡ ትወልዳለች፤ የሥራ ባልደረባሽ ታገባለች፤ ባቲ ያለችውን አክስትሽን ደግሞ ለአረፋ ባዶ እጅሽን መጠየቅ ከብዶሻል። ደመወዙ ለሦስቱም አይበቃም፤ እጅሽ ግን ዳንቴልና ሹራብ ይሠራል፣ መርፌም ይይዛል። «ከልባሽ ተራ ምን ገዝቼ ምን ልሥራ? ሰውስ አይታዘበኝም?» ብለሻል።

ከእኔ በፊት የመለሱልሽ አብዛኞቹ ፎቶ ለጥፈዋል። የሚያምሩ ናቸው፤ ነገር ግን ፎቶ በልብ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው የሌለውን ጨርቅ ሲፈልግ ይውልና ያለውን ሳያየው ይመለሳል። እኔ ደሴ ውስጥ ለዓመታት ከልባሽ ላይ እየቆረጥሁ ስጦታ ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አንዳንዱንም እሸጣለሁ። የምመክርሽ ይህን ነው፦ ልባሽ ተራ ስትገቢ ልብስ ለመግዛት አትግቢ፤ ክር፣ ጨርቅ፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ቆዳ ለመግዛት ግቢ። ያነሣሽውን ልብስ ሁሉ ገልብጠሽ ውስጡን እዪ። በፊቱ የሚያምር ብዙ ነው፤ ለሥራ የሚሆነውን የሚነግርሽ የውስጡ ስፌት ነው።

ከአራሷ ልጀምር፤ ብዙ የምለው እዚያ ላይ ስለሆነ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወጪ የአየሩ ለውጥ ምን እንደሚመስል ለአንቺ አልነግርሽም፤ በተለይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ። ስለዚህ ለዚያ ሕፃን የሚያስፈልገው የሚሞቅ ነገር ነው፤ የሚሞቅ ነገር ደግሞ ከአሮጌ ሹራብ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለሽ። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ወፍራም ሹራብ ብዙ ፈላጊ የለውም፤ ሻጩም ሲከራከሩት ቶሎ ይለዝባል። ደሴ ላይ ግን በተለይ ክረምት ሲገባ ዋጋው አይቀመስም። ሹራቡን እዚያው ከአንቺ ከተማ ግዢ።

የምትገዢውን ሹራብ እንዲህ ለዪ። ገልብጪውና የጎኑን ስፌት ተመልከቺ። ሁለቱ ጠርዞች በአንድ ክር የሰንሰለት ስፌት ተያይዘው፣ የየጠርዙም ቀለበት ሙሉ ሆኖ ከታየሽ፣ ደረቱ፣ ጀርባውና እጅጌው ለየብቻ በቅርጹ ተሠርቶ የተገጣጠመ ነው። ይህ ሲተረተር ክሩ ሳይበጠስ ይመጣል። ስፌቱ በኦቨርሎክ ማሽን የተዘመዘመ ከሆነ ግን ጨርቁ በመቀስ ተቆርጦ የተሰፋ ስለሆነ በየረድፉ ማለቂያ ላይ ክሩ የተቆረጠ ነው፤ ስትተረትሪው ቁርጥራጭ ብቻ ይቀርሻል። እንዲህ ያለውን ቢያምርም መልሺው። ክሩ በጣም የቀጠነውንም ተዪው፤ ዓይንሽን ይጨርሰዋል።

ክሩ ከምን እንደተሠራ የሚናገር ምልክት ከሌለው፣ ከገዛሽው በኋላ ቤትሽ ትንሽ ቆርጠሽ ለኩሺ። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ የተረፈውም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ጥጥ የወረቀት ሽታ አለው፤ አመዱ ቀላል ነው። ሰው ሠራሽ ክር ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ለሕፃን ሰው ሠራሹም አይከፋም፤ ለስላሳ ከሆነ ለማጠብ ይቀላል። ዋናው አለመኮስኮሱ ነው፤ አንገትሽ ላይ አድርገሽ ጥቂት ቆዪና ካሳከከሽ ለሕፃን አይሆንም። ፀጉሩ የሚበተን ክርም አትጠቀሚ፤ ሕፃኑ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚያደርገው።

የመገጣጠሚያ ስፌቱን ከፈታሽ በኋላ መተርተሩን ከላይ፣ ከአንገትና ከትከሻ በኩል ጀምሪ። ሹራብ በአብዛኛው ከታች ወደ ላይ ስለሚሠራ ከታች የጀመርሽ እንደሆነ እየተቋጠረ ያስቸግርሻል። የሚወጣውን ክር በወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልዪ፤ አራት ቦታ ላላ አድርገሽ እሰሪውና አውጪው። ከዚያ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ዘፍዝፊ፣ ሳታሺው አለቅልቂ፣ ከታቹ ሁለት ሦስት የብረት ማንኪያ አንጠልጥለሽ በጥላ አድርቂው። የተንቆጠቆጠው ክር የሚቃናው በዚህ ነው። ይህን ሳታደርጊ ወዲያው ሥራ የጀመርሽ እንደሆነ ዐይኑ አንዱ ጠባብ አንዱ ሰፊ ይሆንና ከሩቅ «አሮጌ ነኝ» ብሎ ይጮኻል።

ከዚህ ክር ለሕፃኑ ኮፍያ ሥሪለት። ልኩን በተመለከተ አዲስ የተወለደ ሕፃን የራስ ዙሪያው በአማካይ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በሦስት ወሩ ወደ 40 ይጠጋል። ሰው ሁሉ ለአራስ የመጀመሪያውን ወር ልክ ይዞ ስለሚመጣ አንቺ ለሦስት ወሩ ሥሪ። ሹራብ ስለሚለጠጥ ዙሪያው 36 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮፍያ ይበቃል። ቁልፍ፣ ዶቃ፣ የሚጎተት ሪባን አታድርጊበት። ማሳመር ካማረሽ በሁለት ቀለም ክር መስመር አግቢበት፤ የክር እጥረትንም ይሸፍንልሻል።

ሌላም አለ። በሙቅ ውኃ ታጥቦ የተኮማተረና የጠነከረ የሱፍ ሹራብ ሻጮች ከሥር ይወረውሩታል። እሱ መተርተር አይችልም፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። በመቀስ ሲቆረጥ ጠርዙ አይፈታም። ለእናትየዋ የቤት ውስጥ ጫማ ይወጣዋል፤ የእግሯን ልክ ለወንድምሽ ደውለሽ ጠይቂ። ከሥሩ ከአሮጌ ቦርሳ የተቆረጠ ቆዳ፣ ሻካራውን ገጽ ወደ ውጭ አድርገሽ ስፊበት፤ አለዚያ በሊሾ ወለል ላይ ያንሸራትታታል፣ አራስ ደግሞ መውደቅ የለባትም።

ለሕፃኑ ማቀፊያ የሚሆነው ግን ከገበያ አይገዛም፤ ከእናትሽ ሳጥን ነው የሚወጣው። ያረጀ ጋቢ ጠይቂያት። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ቶሎ የሚያልቀው ጠርዙ ነው እንጂ መኻሉ ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ በታጠበ ቁጥርም ይለሰልሳል። ከመኻሉ 90 በ90 ሳንቲ ሜትር ቁረጪና ዙሪያውን ከአሮጌ የጥጥ ሸሚዝ በተቆረጠ ጨርቅ ዝምዝሚው። የአያትየዋ ጋቢ መሆኑን ስትሰጪ ተናገሪ። ሱቅ ውስጥ ያለ ብርድ ልብስ ይህን አያመጣም።

ወደ ሙሽራዋ ልለፍ። ሰርጉ ኮምቦልቻ ስለሆነ ሹራቡን እርሺው፤ ለእሷ የሚያምረው የቡና ነገር ነው። ጀበናና ሲኒ ሌላ ሰው ማምጣቱ አይቀርም፤ ልብሱን ግን ማንም አያስብበትም። የሲኒ መሸፈኛና ማቶት በአንድ ዓይነት ጨርቅ ሥሪላት። ለዚህ የወንድ ነጭ የጥጥ ሸሚዝ ፈልጊ፤ ትልቅ ቁጥር ያለውን። የሸሚዝ አንገትና ክንድ ሥር ቢያልቅም ጀርባው ብዙውን ጊዜ ደህና ነው፤ ያለ ስፌት ሰፋ ያለ ጨርቅ የምታገኚውም እዚያ ላይ ነው። ወደ ብርሃን አንሥተሽ እዪው፤ የሳሳበት ቦታ ወዲያው ይታይሻል።

በሲኒ መሸፈኛው ጠርዝ ላይ ዳንቴል ሥሪበት፤ ከመግጠምሽ በፊት ግን ጨርቁንም ዳንቴሉንም ለየብቻ እጠቢ። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሁለቱ በአንድ ልክ ስለማይሰበሰቡ ያልታጠበው ከተገጠመ በመጀመሪያው እጥበት ጠርዙ ይሸበሸባል። ዳንቴሉን ሰፊ ማድረግ አያስፈልግም። ሰፊ ዳንቴል ሲኒው ላይ እየተንጠለጠለ ቡና የምታፈላዋን ሴት ያማርራታል።

ማቶቱ ቀላል ነው፤ ግን አንድ ሕግ አለው፦ ጥጥ ብቻ። ትኩስ ጀበና የሚቀመጥበት ስለሆነ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይቀልጥና ከሸክላው ጋር ይጣበቃል። የጥጥ ቁርጥራጩን ገምደሽ ቀለበት አድርጊ፣ በክር አጥብቀሽ እሰሪ፣ ከዚያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው የሸሚዝ ጨርቅ ዙሪያውን ጠቅልለሽ በማይታይ ስፌት ዝጊው። ቀለበቱ የጀበናው መቀመጫ በጥቂቱ ብቻ ገባ የሚልበት ይሁን፤ ከሰፋ ጀበናው ሥሩን ይነካና ይወላገዳል። የገዛ ጀበናሽ ላይ ሞክሪው። ያረጀ ነጠላ ካለሽ ጥለቱን ቆርጠሽ ማቶቱ ላይ ልታዞሪው ትችያለሽ። የነጠላው መኻል ቢቀዳደድም ጥለቱ ጠንካራ ሆኖ ነው የሚቀረው፤ ብዙ ሰው አብሮት ይጥለዋል፤ ያሳዝነኛል።

ለአክስትሽ የምመርጠው መስገጃ ነው። አረፋ ነው፤ ባቲም ሞቃት ናት፤ የሚደረብ ነገር አትፈልግም። ልባሽ ተራ ላይ የሚሸጠው ወፍራም መጋረጃ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ሥዕል የሌለበትን፣ አንድ ቀለም ወይም ቀለል ያለ ጌጥ ያለውን ምረጪ። 70 በ110 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በመኻሉ ያረጀ ስስ ብርድ ልብስ አድርጊበት፤ የአክስትሽ ጉልበት ያመሰግንሻል። ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ገጥመሽ ሦስቱን በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ በመስመር ስፊያቸው፤ አለዚያ ውስጡ እየተንሸራተተ አንድ ጎን ይከማቻል። የቀኝና የግራ ስፌቱ ካልተስተካከለ ለልብስ ሰፊ ስጪው፤ ለቀጥታ መስመር የሚያስከፍለው ብዙ አይደለም።

ከእኔ በፊት ከመለሱልሽ አንዲት እህት የአለላ ስፌት ሥሪ ብላሻለች። እኔ አልስማማም። አለላውን ነክሮ፣ ወስፌ ይዞ አንዲት ትንሽ ሙዳይ መጨረስ ለለመደ ሰው እንኳ ጊዜ ይወስዳል፤ ላልለመደች ደግሞ ሰርጉም አረፋውም ያልፋል። ከወደድሽው ባቲ ስትሄጂ የተሠራውን ትንሽ አገልግል ገዝተሽ ውስጡን በጨርቅ ሸፍነሽ ስጪ። በሲኒ ውስጥ ሻማ ሥሪ የሚለውን ምክር ግን እደግፋለሁ፤ ከስድስቱ አንድ ወይም ሁለት የቀረ ሲኒ የሌለበት ቤት የለም። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አታድርጊው፤ በቆርቆሮ አድርገሽ የፈላ ውኃ ውስጥ አቅልጪው። እሳት ከያዘው ውኃ አታፍሺበት፤ በክዳን አፍኚው።

አሁን ወደ ፈራሽው ነገር። ልባሽ መሆኑን ይታዘቡኛል ወይ ብለሻል። ልብሱን እንዳለ ለሙሽራ ብትሰጪ አዎ፣ ይታዘቡሻል፤ እኔም እታዘብሻለሁ። ተፈትቶ እንደገና የተሠራ ነገር ግን ሌላ ነው። የሚያሳፍረው የተንጠለጠለ ክር፣ ያልተዘመዘመ ጠርዝ፣ ያልተተኮሰ ጨርቅ ነው። የተገዛውን ሁሉ ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢ፤ ጥጡን በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ ሱፉን ለብ ባለ ውኃ። ጥጡን ፀሐይ ላይ አስጪው፤ በየስፌቱም ላይ ካውያ አሳርፊበት። የናፍታሊን ሽታ ካለቀቀው ደጋግመሽ ንፋስ ላይ ስቀዪው፤ ሽቶ አትርጪበት፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይብሳል።

የገበያውን ቀን በተመለከተ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ደሴም ሰኞ ገበያ የሚደምቀው ያው ሰኞ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሰኞ ሥራ ላይ ነሽ። አትጨነቂ። ልባሽ ሻጮች በሌላውም ቀን አይጠፉም። ከአንድ ሻጭ ጋር ተዋወቂና አዲስ ቦንዳ፣ ማለትም የታሰረ የልባሽ እስር፣ የሚፈታበትን ቀን ጠይቂው፤ «ለሥራ ነው፣ የተቀደደም እወስዳለሁ» ካልሽው ለብቻ ያስቀምጥልሻል።

ከሦስቱ ሹራቡን አስቀድሚ፤ ልጅ ቀጠሮ አያከብርም። ከገዛሽው ሹራብ ስፌቱ ያጠራጠረሽ ካለ ውስጡን በደንብ በብርሃን ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ ከመተርተርሽ በፊት አይቼ እነግርሻለሁ።