ምክሩን ያውቁታል፤ ታዲያ ምን ያዛቸው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ከባልደረቦቼ ጋር ሆኜ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ስለ አመጋገብና ስለ አካል እንቅስቃሴ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እናቶቹ በጥሞና ያዳምጣሉ፤ የተማሩትንም ስንጠይቃቸው አሳምረው ይመልሳሉ። ቤታቸው ስንሄድ ግን የሚበላው የቀድሞው ነው፤ ልጆቹም ተቀምጠው ይውላሉ። ትምህርታችን ምን ጎድሎት ነው?

መልስ፦ እናቶቹ ትምህርቱን አሳምረው የሚመልሱ ከሆነ የጎደለው እውቀት አይደለም። እኔ እንደማምነው፣ እንዲህ ያሉ ትምህርቶች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አዲስ ምግብ መሞከር ለድሃ ቤት የሚያስከትለውን ኪሳራ ነው። ልጆች አዲስ ምግብ፣ በተለይም መረር የሚል አትክልት፣ ቶሎ አይቀበሉም፤ አንድን ምግብ እስኪለምዱት ድረስ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ገንዘብ የተረፈው ቤተሰብ ልጁ የገፋውን ሳህን አንስቶ ሌላ ያቀርብለታል። ለዕለቱ ያላትን ገንዘብ ቆጥራ ለምትገዛ እናት ግን ያልተበላው አትክልት የባከነ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ልጇ ጦሙን የሚያድርበት ሌሊት ነው። ስለዚህ እንደሚበላ እርግጠኛ የሆነችበትን ትገዛለች። ይህን አለማወቅ ብሎ መጥራት በደል ነው፤ እናቲቱ ያላትን አመዛዝና የወሰነችው ውሳኔ ነውና።

እንግዲህ ኪሳራውን ከእርሷ ላይ አንሡላት። በምትሰበሰቡበት ቀን ከማስተማር ይልቅ አብራችሁ አብስሉ፤ ልጆቹም እዚያው ይቅመሱ፤ የሚደፋ ካለ ከእናንተ በጀት ይደፋ። ቤት ውስጥ ደግሞ አዲሱ ምግብ የለመዱትን ተክቶ ሳይሆን ከጎኑ በአንድ ማንኪያ ልክ ይቅረብ፤ ልጁ ባይበላው አይገደድ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ይቅረብለት።

ምን ይቅረብ ለሚለው እኔ ከደረቅ ጥራጥሬ እጀምራለሁ፤ ሳይበላሽ ብዙ ጊዜ ስለሚቀመጥ ያልተቀቀለው ለሌላ ቀን ይሆናል። እህል የሚያንሰውን ላይሲን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ ያሟላል፤ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ደግሞ እህል ያሟላል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን የበላ ልጅ ሥጋ ባያገኝም ጥሩ ፕሮቲን አግኝቷል። ጥራጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደርና የዘፈዘፉበትን ውኃ ደፍቶ መቀቀል ቶሎ እንዲበስል ያደርገዋል። ይህን አበክሬ የምናገረው ምክር ሰጪዎች የምግቡን ዋጋ ሲያስቡ የማብሰያውን ወጪ ስለሚረሱት ነው። በጥራጥሬ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ቫይታሚን ሲ ካለው ነገር፣ ለምሳሌ ከቲማቲም ወይም ከሎሚ ጋር ሲበላ ለሰውነት በይበልጥ ይደርሳል፤ ሻይና ቡና ግን ይቀንሱታል። ሻዩን ከምግቡ ጋር ከመጠጣት ይልቅ ቆየት ብሎ መጠጣት አንድም ሳንቲም አያስወጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገቡ ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ አትክልት አልፎ አልፎ ለሚታይበት ቤት ግን በዚህ ቁጥር አትጀምሩ፤ ቀድሞውኑ ተሸንፈናል ብለው ተስፋ ይቆርጣሉና። ይልቁንስ ገንዘብ ከሚያተርፈው፣ ማለትም ለስላሳ መጠጥን በውኃ ከመተካት ጀምሩ። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ለስላሳ መጠጥ ብዙውን ጊዜ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለበት፤ በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ሰው የሚመከረው ጣሪያ ደግሞ 50 ግራም ነው። ይህን ከመናገራችሁ በፊት ግን ቤተሰቡ የሚታመን የመጠጥ ውኃ እንዳለው አረጋግጡ።

ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ደህና አድርገው መንቀሳቀስ አለባቸው። ለዚህ የስፖርት ዕቃም ሆነ ክፍያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ወላጅ ሳይሰጋ ልጁን የሚለቅበት ቦታ ነው። ልጆቹ ተቀምጠው የሚውሉት በስጋት ከሆነ፣ ጎረቤታሞች ተራ ገብተው ከቤት ውጭ የሚጫወቱትን እንዲጠብቁ ማደራጀት ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜና ጎንበስ ብዬ ስለምሠራ ማታ እግሬ ይዝላል። ሐኪም ስፖርት እንድሠራ መከረኝ። ሥራዬ አይቆጠርልኝም?

መልስ፦ ይቆጠርልዎታል። ለአዋቂዎች የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ሲሆን በሥራ፣ በመንገድና በቤት ውስጥ የሚደረገው ሁሉ ይካተታል። በ2020 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መደረግ አለበት የሚለውን የቀድሞ መስፈርት ትቶታል፤ ስለዚህ አምስት ደቂቃም ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ ያለ እረፍት ጎንበስ ብሎ መሥራት ልብ ፈጠን ብሎ ከሚመታበት እርምጃ ጋር እኩል አይጠቅምም። ስለዚህ በሥራ ቀን ማታ ማረፍዎ ስንፍና አይደለም፤ በእረፍትዎ ቀን ግን ከልጆችዎ ጋር ፈጠን ብለው ይራመዱ። ሐኪሙ ምክሩን የሰጡት በደም ግፊት ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት ከሆነ፣ የሥራዎን ዓይነት ነግረዋቸው ምን ያህል እንደሚበቃዎ ይጠይቋቸው።