ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ውስጥ ቤተሰብ ይገኛል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ከተቀጠርሽ ወራት አልፈዋል። ቤተሰብ ውስጥ የምትገቢ መስሎሽ ነበር፣ ያገኘሽው ግን ቢሮ ነው። እሑድ እንኳ እንደ ድሮሽ ማምለክ አቅቶሻል። "ችግሩ የእኔ ነው ወይስ የቦታው? ልልቀቅ ወይ?" ነው ያልሽው። ከሥር የመለሱልሽ አብዛኞቹ "ጸልዪበት" ብለዋል። እሺ፣ ጸልዪበት። እኔ ግን እዚሁ ሐዋሳ ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ውስጥ ዓመታት የሠራሁ ነኝ፣ መጀመሪያ እንዳንቺ ጸሐፊ ሆኜ፣ በኋላ ሂሳብ ክፍል። ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር ላድርግልሽ። ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ደስታው አለ። ቤተሰብነቱም አለ። ያለው ግን አንቺ የምትፈልጊበት ቦታ ላይ አይደለም።

አብዛኞቻችን ስንቀጠር ቤተሰብነቱን የምንጠብቀው ከጠዋቱ ጸሎት ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ አንዱ ቃል ያካፍላል፣ ይጸለያል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቢሮው ይበተናል። ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን እዚያ ክብ ላይ ሁሉም ሰው የሚያወራው መድረክ ላይ እንደሚያወራው ነው። "እንዴት ነሽ?" "ጌታ ይመስገን!" አለቀ። የቤት ኪራይ ተጨምሮባት ሌሊቱን ስትገላበጥ ያደረች ልጅም "ጌታ ይመስገን" ብላ ነው የምታልፈው። ከዚያ ክብ ተነስተሽ ማንም እንደማያውቅሽ ቢሰማሽ አይግረምሽ።

እኔ ሰዎቹን ያወቅኋቸው መባ ስንቆጥር ነው። እሑድ ከፕሮግራም በኋላ በሩ ይዘጋና ብሩ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ብቻውን የሚቆጥር የለም፣ ከሂሳብ ክፍልም ከሽማግሌዎችም ሰው ይኖራል። የተጨማደደውን መዘርጋት፣ ሁለት መቶውን ለብቻ፣ መቶውን ለብቻ፣ ሃምሳና አሥሩን ለብቻ መደርደር፣ በላስቲክ ማሰር። የአሥራት ፖስታ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አልገጥም ሲል እንደገና መቁጠር። (ዛሬ ዛሬ ብዙው በቴሌብር ስለሚገባ ቁልሉ ቀንሷል። ግን ስሙን ሳይጽፍ "አሥራት" ብቻ ብሎ ስክሪንሹት የሚልክ ሰው አለ፣ እሱን ማፈላለግ ደግሞ ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው።) እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ከሁሉም ኮስታራ የሚመስለኝ ሽማግሌ፣ ልጁ ተጣልቶት ከቤት እንደወጣ የነገረን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀና ብሎ እንኳ አላየንም፣ አሥር አሥር ብሩን እየደረደረ ነው ያወራው። ማንም አልሰበከውም። አንዷ ልጅ ከፊቱ ያለውን ድርድር ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ መቁጠሯን ቀጠለች፣ ሌላው ሻይ ቀዳለት። ሰውየው ከዚያ ቀን ወዲህ ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ እኛ ክፍል ነው የሚመጣው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይኼ ነው፦ ከሰዎቹ ጋር አሰልቺ ሥራ ፈልጊ። ወንበር መደርደር፣ ለሠርግ የሚበተን ፕሮግራም ማጠፍ፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ አልነሳ ሲል የእሑዱን ወረቀት ኮፒ ለማስደረግ ባጃጅ ይዞ መሮጥ። ማስታወቂያው በአማርኛም በሲዳምኛም የሚነበብ ከሆነ ደግሞ ከተርጓሚው ጋር ቁጭ ብለሽ አንድ ላይ ሥሩት፣ የምትስቂበት ነገር አታጪም።

ሁለተኛው ምሳ ነው። ስገባ ቢሮአችን ውስጥ ምሳ በየክፍሉ ነበር የሚበላው። ፓስተሩና ወንጌላውያኑ ለብቻ፣ እኛ የቢሮዎቹ ለብቻ፣ ጥበቃውና የጽዳት እትዬ ደግሞ ከበሩ ጀርባ። ማንም አስቦበት አይደለም፣ ዝም ብሎ እንደዚያ ሆኖ ቆየ። በቃል "በክርስቶስ አንድ ነን" ይባላል፣ ምሳ ዕቃው ግን ሌላ ነው የሚለው። አንድ ቀን ጥበቃችን ጋሼ ከገጠር ሲመለስ ባለቤቱ የሠራችውን ቡርሳሜ፣ የሲዳማውን የቆጮና የቅቤ ምግብ፣ በሻፌታ (በሸክላ ዕቃው) ይዞ መጣ። ቆጮው ገና ትኩስ ነው፣ ቅቤው ከላይ ተንጣሏል፣ ግቢው በሙሉ ሸተተ። ሻፌታ ደግሞ ለብቻ ተበልቶ አያምርም። ሂሳብ ሹሙ፣ ወንጌላዊው፣ እትዬ፣ ሁላችንም እጃችንን ታጥበን ዙሪያውን ተቀመጥን። ጋሼ እየዞረ ያጎርሳል። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳ ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ ያለው ዛፍ ሥር ሆነ፣ በስብሰባ የተወሰነ ነገር የለም። አንቺ ግን ቡርሳሜ እስኪመጣ አትጠብቂ። ነገ ምሳ ዕቃሽን ይዘሽ እትዬ አጠገብ ቁጭ በይ። ስለዚያ ቤተ ክርስቲያን ከሽማግሌዎቹ ቃለ ጉባኤ የማታገኚውን ነገር እሷ ታውቃለች።

ጸሐፊነትሽን ግን አትናቂው። ሮሜ 16ን አንብቢ። ጳውሎስ የሰላምታ ስም ይዘረዝራል ይዘረዝራል፣ የሩፎንን እናት ለእኔም እናቴ ናት ይላል፣ መሀል ላይ ቁጥር 22 ላይ ደብዳቤውን የጻፈው ጤርጥዮስ ራሱ ብቅ ብሎ ሰላም ይላል። የቢሮ ሰው ነው! ሲነገረው የሚጽፍ። እኔ ይህን ክፍል ስወደው ለጉድ ነው።

የእኔ ደስታ በአብዛኛው ከአባላት መዝገቡ ነው የመጣው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ ስንት ልጆች እንደመጡ አንቺም ታያለሽ። ከፈረቃ ወጥታ፣ ድካሙ ፊቷ ላይ እያለ፣ ከትውልድ ቀበሌዋ አጥቢያ የተጻፈላትን መሸኛ ደብዳቤ ከቦርሳዋ ታወጣለች። አራት ቦታ የታጠፈ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ። አንዳንዷ ከተማው ውስጥ የምታውቀው ሰው ስለሌለ ደብዳቤውን ለወራት ይዛው ቆይታለች። ስሟን መዝገብ ላይ ጻፍሽ ማለት እዚህ ከተማ ውስጥ ብትታመም የሚጠይቃት ሰው አገኘች ማለት ነው። በኋላ ያቺው ልጅ ለጋብቻ ምክር ለመመዝገብ እጮኛዋን ይዛ ትመጣለች፣ ከዚያ ሕፃን ታቅፋ። ፓስተሩ ብዙ ሕዝብ ስላለበት ፊቷን ላያስታውስ ይችላል፣ አንቺ ግን ታስታውሻለሽ። እንዲህ ያለ ነገር ባንክ ብትቀጠሪ አታገኚም። ደመወዙ ይሻል ነበር፣ እሱን አልክድም።

አሁን ወደ መራራው። ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ውስጥ ስትሠሪ የሰው ገመና ትሰሚያለሽ። የተግሣጽ ደብዳቤ የምትተይቢው አንቺ ነሽ። ለእናትሽም ለጓደኛሽም ልትነግሪው አትችይም፣ ብቸኝነቱ ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጣው። እና ሰው ሸክሙን ለማቅለል ሲል ምን ያደርጋል? "እንድትጸልዩበት ነው እንጂ…" ብሎ ይጀምራል። ከዚህ ቃል በኋላ የሚመጣው ነገር መቶ በመቶ ሐሜት ነው። ቢሮአችንን አንድ ሰሞን ሁለት ቦታ የከፈለው እንዲህ የተጀመረ የጸሎት ርዕስ ነበር። ሰውን በስም ካነሳሽ ስሙ የተነሳው ሰው ፊት አንሺው፣ ካልሆነ ለፓስተሩ ብቻ። በቃ።

የእሑዱ ነገር። ዓይንሽን ጨፍነሽ እየዘመርሽ ትከሻሽን ነካ ያደርጉሻል፣ "የኔ እህት፣ ያቺ ደብዳቤ ደረሰች?" ስለዚህ ማምለክ ቢያቅትሽ እምነትሽ ቀዝቅዞ አይደለም፣ ሥራ ላይ ስለሆንሽ ነው። እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው፦ በአንዱ ፕሮግራም አገለግላለሁ፣ በሌላው ስልኬን ዘግቼ ከእናቶች መሀል እቀመጣለሁ። ለሚጠይቀኝ "ማክሰኞ ቢሮ ይምጡ፣ እሺ?" እላለሁ፣ በፈገግታ። መጀመሪያ ቅር የተሰኙ ነበሩ፣ ለመዱት። ሆም ሴልሽን (ቤት ውስጥ የምትሰበሰቡበትን ትንሽ የጸሎት ቡድን) ደግሞ የቢሮ ሰው የሌለበት አድርጊው። የቢሮዋ ልጅ ሳትሆኚ ዝም ብለሽ እህት የምትሆኚበት አንድ ሳሎን ያስፈልግሻል።

ደመወዝና ዕረፍት ላይ ሰው የማይወደውን ልናገር። "ቤተሰብ ነን" የሚለው ቃል የዓመት ፈቃድ ስትጠይቂ ከመጣ ጠርጥሪ። ቀድሞ የሠራሁበት አንድ ቦታ ደመወዝ ሲዘገይ "ለጌታ እኮ ነው" ይባል ነበር። ለጌታ ነው፣ ግን አከራዬ ጌታ አይደለችም። ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል የሚለውም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥18። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ በየሳምንቱ ደግሞ ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ይላል። የሃይማኖት ድርጅቶችን በተመለከተ ለየት ያለ ደንብ ሊወጣ እንደሚችልም አዋጁ ራሱ ስለሚናገር ክሰሻቸው እያልኩ አይደለም፣ እንደ መለኪያ ያዢው። እሑድ የምትሠሪ ከሆነ ሰኞ ወይም ሌላ ቀን ያንቺ መሆን አለበት። እኔ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ደመወዙ በሰዓቱ የሚገባበትና ዕረፍቱ የታወቀበት ቢሮ ውስጥ ሰው በፍላጎቱ አምሽቶ ይሠራል፣ ይሳሳቃል። ነገሩ ያልጠራበት ቢሮ ውስጥ ግን እያንዳንዱ "እባክሽ አንዴ" ያስኮርፋል።

የእኛዎቹ አሁን የደመወዝ ሰሞን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን ቆሮሶ ዓሣ ጥብስ እንበላለን። አዋጥተን ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ካዝና አይደለም። ስለ ስብሰባና ስለ ሽማግሌዎች ያነሳ ሰው የሁሉንም ለስላሳ ይከፍላል። ከቢሮ የለቀቁትም ይመጣሉ፣ እኔ ይኼን በጣም እወደዋለሁ። ምክንያቱም አንዳንድ ቦታ ሰው ሥራ ሲለቅ ከእምነት የወጣ ይመስል ሰላምታው ሁሉ ይቀዘቅዛል። የለቀቀ ሰው አሁንም የሚጠራበት ቢሮ ካየሽ እዚያ ቆዪ።

ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ ሰኔ ላይ አትወስኚ። ሰኔ ሂሳብ መዝጊያ ነው፣ ቅዱሱም ሰው ይነጫነጫል። ፈቃድሽን ነሐሴ ላይ ውሰጂ፣ እናትሽ ጋር ሄደሽ ተኚ፣ ስትመለሺ ማን ናፍቆሽ እንደነበር እይ። ማንም ካልናፈቀሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ፣ ኃጢአት አይደለም። አንድም ሰው ቢሆን ከናፈቀሽ ግን ከእሱ ጀምሪ። የቅጥር ደብዳቤ በእጅሽ ከሌለ ደግሞ ነሐሴን አትጠብቂ፣ በዚህ ሳምንት ጠይቂ። ካስቸገሩሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ማመልከቻውን አብረን እናረቅቀዋለን።