የፊት ሹካውን ዝቅ ከማድረግዎ በፊት ሞላውን አውጥተው ይለኩ

ውድ ጠያቂ፣ «እግሬ መሬት በደንብ ስለማይደርስ የፊት ጎማውን የሚይዘውን የሞተር ሳይክሌን የፊት ሹካ 40 ሚሊሜትር ዝቅ ላደርገው አስቤአለሁ፤ ሞተሩ ቆሞ ስለካው በፓራፋንጎውና የሹካውን ሁለት ቱቦዎች ከመሪው ሥር ጨብጦ በሚይዘው ማቀፊያ መካከል ከአንድ መዳፍ የሚበልጥ ክፍተት አለ፤ ይበቃል ወይ?» ብለው የጻፉትን ሳነብ፣ ከሦስት ዓመት በፊት እኔው ራሴ የጠየቅሁትን መልሼ ያነበብሁ ያህል ተሰማኝ። አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ በዝርዝር የምጽፈው፣ እኔ በዚያን ጊዜ ይህን የሚነግረኝ ሰው ባለማግኘቴ የከፈልሁትን እርስዎ እንዳይከፍሉ ስለምፈልግ ነው።

አንደኛ፣ የሹካውን ቱቦዎች በላይኛውና በታችኛው ማቀፊያ ውስጥ ወደ ላይ ሲያሳልፏቸው የሞተሩ ፊት ዝቅ ይላል እንጂ ሹካው የሚሰበሰብበት ርዝመት አይቀንስም። ሹካው እንደ ቀድሞው እስከ መጨረሻው ይሰበሰባል፤ ጎማውና ፓራፋንጎው ግን ከበፊቱ ይልቅ ዝቅ ባደረጉት ልክ ወደ ማቀፊያው፣ ወደ ራዲያተሩና ወደ ጭስ ማውጫው ቱቦ ይጠጋሉ። ስለዚህ ቆሞ የሚለካው ክፍተት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ሊለካ የሚገባው ሹካው ሙሉ በሙሉ ሲሰበሰብ የሚቀረው ክፍተት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የእኔን ቁጥሮች ላስቀምጥ፤ የእርስዎም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። የእኔ ሹካ ከተዘረጋበት እስከ መጨረሻው ድረስ 150 ሚሊሜትር ይሰበሰባል። እኔ ስቀመጥበት 40 ሚሊሜትሩ በክብደት ብቻ ይወርዳል፤ እንግዲህ ለጉድጓድና ለጠንካራ ፍሬን 110 ሚሊሜትር ይቀራል ማለት ነው። ሹካው 35 ሚሊሜትር ወደ ላይ ከወጣ በኋላ፣ እኔ ተቀምጬ ጓደኛዬ ሲለካልኝ፣ በፓራፋንጎው አናትና በታችኛው ማቀፊያ መካከል 103 ሚሊሜትር አገኘን። 103 ሚሊሜትር ለዓይን ሰፊ ነው፤ ሆኖም ሹካው ገና 110 ሚሊሜትር ሊሰበሰብ ይችላል፤ ሰባቱ ሚሊሜትር የሚገባበት ቦታ የለም። ይህችን ቀላል መቀነስ ያን ቀን አልሠራኋትም።

ሥራውን የሠራልኝ መካኒክ በሙያው የቆየ ሰው ነበር። «ሙሉ በሙሉ ሲሰበሰብስ አይነካም?» ብዬ በግልጽ ጠይቄዋለሁ። የሰጠኝ መልስ «ለስንት ሰው ሠርቻለሁ፣ ተመልሶ የመጣ የለም» የሚል ነበር፤ ይህንንም ሲናገር ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የጥገና መመሪያውን ለማየት ሞተሩን ወደ ሸጠልኝ ድርጅት ሄጄ ነበር፤ የጥገና ክፍሉ ሠራተኛ መመሪያው ለደንበኛ እንደማይታይ ነግሮኝ፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። እኔ የፈለግሁት ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ነበር፦ ሹካው ምን ያህል እንደሚሰበሰብና የማቀፊያዎቹ ቡሎኖች በምን ያህል ኃይል እንደሚጠብቁ። እነዚያን ሁለት ቁጥሮች የከለከለኝን ሰው እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቁልቁለት እየወረድሁ የፊት ፍሬን እንደያዝሁ ጎማዬ ጠርዙ የተሰበረ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሹካው በፍሬኑ ምክንያት አስቀድሞ ተሰብስቦ ነበርና የቀረውን በአንድ ጊዜ ጨረሰው። ፓራፋንጎው ከታችኛው ማቀፊያ ጋር ተጋጭቶ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ስባሪው በጎማውና በማቀፊያው መካከል ተወሸቀ፤ በፓራፋንጎው ላይ የታሰረው የፍሬን ቱቦም አብሮ ተጨፈለቀ። ፍጥነቴ ዝቅተኛ ስለነበር በግራ ጎኔ ወድቄ የእጄ አንጓ ለስድስት ሳምንት በመታሰሩ ብቻ ተረፍሁ። ያ ሁሉ የሆነው በፈጣን መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን መልስ የምጽፍልዎት አይመስለኝም። መካኒኩ ጥፋቱ የመንገዱ ነው ብሎ ለጥገናው እንደ አዲስ አስከፈለኝ።

ሞተሩን ፈትቼ ሳየው ሌላም ጥፋት አገኘሁ። የግራውና የቀኙ ቱቦ ከማቀፊያው በላይ የወጡበት ቁመት በ4 ሚሊሜትር ይለያይ ነበር፤ የታችኛው ማቀፊያ ቡሎኖች ደግሞ እጅግ ከመጥበቃቸው የተነሣ ሹካው ሲሰበሰብ ይነክስ ነበር። በብዙ ሞተሮች ላይ እነዚህ ቡሎኖች የሚጠብቁት ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ሆኖም የእርስዎን ሞተር ትክክለኛ ቁጥር ከመመሪያው ያግኙ፣ በመለኪያ ቁልፍም ያጥብቁ። የሁለቱንም ቱቦዎች ቁመት በካሊፐር ይለኩ። ቱቦዎቹ ወደ ታች እየቀጠኑ የሚሄዱ ከሆነ፣ ማቀፊያው የሚይዘው እኩል ውፍረት ባለው ክፍል ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም በእጄ ነው የምሠራው፤ ክፍተቱን የምለካበትም መንገድ የሚከተለው ነው። ሞተሩን የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሣ አድርጌ በጽኑ ድጋፍ ላይ አቆመዋለሁ፤ ድጋፉ ሹካውን ከታች የሚይዝ መሆን የለበትም። የላይኛውን ማቀፊያ ቡሎን ካላላሁ በኋላ የሹካውን ክዳን ቀስ ብዬ እፈታለሁ፤ ሞላው ተጨምቆ የተቀመጠ ስለሆነ ክዳኑ ሊፈናጠር ይችላልና ፊትዎን ከበላዩ ያርቁ። ሞላዎቹን ካወጣሁ በኋላ የላይኛውን ማቀፊያ መልሼ አጥብቄ፣ ጎማውን ከሥር በክሪክ እስከ መጨረሻው አነሣዋለሁ። ሞላው ውስጥ እያለ በገመድ ጠፍሮ መጫን እስከ መጨረሻው አያደርስም፤ ሞላውና በውስጡ የታመቀው አየር ይመክታሉ። ጎማው ሽቅብ እንደቆመ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞርሁ ፓራፋንጎው ከማቀፊያው፣ ጎማው ከራዲያተሩና ከጭስ ማውጫው፣ የፍሬን ቱቦዎችና ሽቦዎች ከሁሉም ምን ያህል እንደሚርቁ እለካለሁ። ከማቀፊያው በላይ የወጡት የቱቦዎቹ ጫፎች መሪውን እንዳይነኩም አያለሁ።

በእኔ ሞተር ላይ ሹካው ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ሲሰበሰብ የሚቀረው ክፍተት 28 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አሁን ያወረድሁት 15 ሚሊሜትር ነው፤ 13 ይቀራል። ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር ጥቂት ስለሚሰፋ፣ ፓራፋንጎም ስለሚርገበገብና ጭቃም ስለሚይዝ፣ በእኔ ሞተር ላይ ከ10 ሚሊሜትር በታች የሆነ ክፍተት አልቀበልም።

እርስዎ 40 ሚሊሜትር ያሉት እግርዎ መሬት እንዲደርስ ነው፤ ነገር ግን ፊቱ 40 ሚሊሜትር ሲወርድ መቀመጫው 40 አይወርድም። መቀመጫው ለኋላ ጎማ የቀረበ ነው፤ ከኋላው ጎማ መሐል የሚርቀው የሁለቱ ጎማዎች ርቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ከሆነ፣ የሚወርደውም አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም 13 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለ13 ሚሊሜትር ብለው የመሪውን ባሕርይ ይለውጣሉ። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1400 ሚሊሜትር ባለው ሞተር ላይ ፊቱን ብቻ 25 ሚሊሜትር ማውረድ የሹካውን አንግል በ1 ዲግሪ ገደማ ቀጥ ያደርገዋል፤ መሪው ቶሎ ይዞራል፣ በፍጥነት ላይ ግን መረጋጋቱ ይቀንሳል፤ በ35 ሚሊሜትር የእኔ መሪ ፈጣን መንገድ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ፊቱን 15 ሚሊሜትር፣ ኋላውንም በዚያው ልክ አውርጄ አንግሉን ወደ ቦታው መለስሁት፤ ከመቀመጫው ስፖንጅ ደግሞ 25 ሚሊሜትር አስቀነስሁ። በጠቅላላው 40 ሚሊሜትር ሆነ፤ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይረግጣሉ። የኋላው ጎማ ከላዩ ካለው ሽፋን ጋር እንዳይነካካም በተመሳሳይ መንገድ ለክቻለሁ።

ከዚህ በላይ መውረድ የግድ ከሆነብዎት፣ በሹካው ውስጥ ቀለበት አስገብቶ ሲዘረጋ የሚደርስበትን ርዝመት የሚያሳጥር አሠራር አለ። በዚህ መንገድ ሹካው ሲሰበሰብ የሚቆምበት ቦታ ስለማይለወጥ የፋብሪካው ክፍተት ይጠበቃል፤ የሚከፈለው ዋጋ ሹካው የሚሰበሰብበት ርዝመት ማጠሩ ነው፤ ሞላውም በዚያው መጠን መስተካከል አለበት። ከሞተሩ ሥር ያለው ክፍተት ግን በየትኛውም መንገድ ይቀንሳል። የጎን ማቆሚያውም እንዲያጥር ያድርጉ፤ አለዚያ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በትንሽ ግፊት ይወድቃል።

ገጣጥመው ሲጨርሱ በሹካው አብረቅራቂ ቱቦ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ያስሩ፤ ሹካው ሲሰበሰብ ማሰሪያው ተገፍቶ የደረሰበት ላይ ይቀራል። እኔ ሳምንት ሙሉ በመጥፎ መንገድ ከነዳሁ በኋላ ስለካው፣ ሹካው ከመጨረሻው 6 ሚሊሜትር እስኪቀረው ድረስ ተሰብስቦ ነበር፤ ፓራፋንጎው ላይ አንድም ጭረት አልነበረም።