አንባቢ ይጠይቃል፦ የ25 ዶላሯን ቺፕ የሳላት ሰውዬ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው። ልጅ እያለን ሰፈር ጌም ቤት ውስጥ ካሴት የሚሰካበት ጌም ነበረ፣ ማሪዮ ምናምን የምንጫወትበት። በቀደም ጓደኛዬ የዛ ጌምና የመጀመሪያው አፕል ኮምፒውተር ፕሮሰሰር አንድ ነው ብሎኝ ድርቅ ብሎ ተከራከረኝ። እውነት ነው እንዴ? ከሆነስ ማነው የሰራው? ብቻ ስቲቭ ጆብስ ነው እንዳትሉኝ። (ጌመሩ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው፣ ሻይ ተወራርዳችሁ ከነበረ ክፈለው። ያ ካሴት የሚሰካበት ጌም አብዛኛው ጊዜ የኒንቴንዶ ፋሚኮም ኮፒ ነው። ፋሚኮም ጃፓን ውስጥ በ1983 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ውስጡ ያለችውን ቺፕ ሪኮ የሚባል ካምፓኒ ቢያመርታትም መሰረቷ 6502 የምትባል ፕሮሰሰር ናት። በ1976 የወጣው አፕል 1 ውስጥ፣ በ1977 የወጣው አፕል 2 ውስጥ፣ ኮሞዶር ፔት የሚባለው ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ይችው 6502 ናት፣ አታሪ 2600 የሚባለው ጌም ላይ እግሮቿ የተቀነሱላት 6507 አለች፣ ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሌላዋ ዘመዷ 6510።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ሪኮዎች ቺፗን ሲወስዱ በአስር ቤት የምትደምርበትን አሰራር አጥፍተውባታል፣ ለዛውም አምስት ትራንዚስተር (ቺፕ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች) ብቻ በማንሳት። ያ አሰራር ፓተንት (ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት የሚከለክል መብት) ስለነበረው ነው ይባላል። ስለዚ ማሪዮ ላይ ሳንቲም ስትለቅም ነጥብህ የሚቆጠረው ፕሮግራመሮቹ በራሳቸው ኮድ ስለሰሩት ነው እንጂ ቺፗ አላገዘቻቸውም።

የሰራት ጆብስ አይደለም፣ ከሱ ጋር አፕልን የመሰረተው ስቲቭ ዎዝኒያክም አይደለም፣ ዎዝኒያክ ገዝቷት ነው። ሃሳቡን ያመጣውና ቡድኑን የመራው ቸክ ፔድል የሚባል ኢንጂነር ነው፣ የፔድል ስም ብዙ ቦታ ስለሚነሳ እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ወረቀት ላይ ስላወረዳት ስለ ቢል ሜንሽ ነው። ሜንሽ በ1945 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ኩዌከርታውን የምትባል ከተማ ተወለደ፣ በ1971 ከአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመረቀና ሞቶሮላ ገባ። እዛ 6820 የምትባለዋን ፕሮሰሰሩን ከኪቦርድ ከምናምን የምታገናኘዋን ቺፕ ዲዛይን አረገ። ፔድል በበኩሉ የሞቶሮላን 6800 ፕሮሰሰር ይዞ ደንበኛ ጋ ይዞራል፣ ሁሉም ይወዱታል፣ ዋጋውን ሲሰሙ ግን ይመልሱለታል። ርካሽ እንስራ ሲል አለቆቹ ተው አሉት፣ በደብዳቤ ነው ተው ያሉት። በዚህ መሃል በ1974 ክረምት ፔድል ሜንሽንና ሌሎች ኢንጂነሮችን ይዞ ፔንሲልቫኒያ ያለ ኤም.ኦ.ኤስ ቴክኖሎጂ የሚባል ካምፓኒ ገባ።

በመስከረም 1975 ሳን ፍራንሲስኮ ዌስኮን የሚባል ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ባዛር ነበር። 6502ን በ25 ዶላር ሊሸጡ ማስታወቂያ አስነግረው ሲሄዱ ባዛሩ ውስጥ እጅ በእጅ መሸጥ ክልክል ነው ተባሉ፣ እነሱም ሆቴል ክፍል ተከራይተው ሰዉን ወደዛ መሩት። ክፍሉ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ማሰሮ በቺፕ ጢም ብሎ ተቀምጧል፣ ያየ ሁሉ እነዚህ ሰዎች በብዛት ማምረት ጀምረዋል ማለት ነው ይላል። ፔድል በኋላ እንዳወራው ከስር ያሉት የማይሰሩ ነበሩ፣ የሚሰሩት ከላይ ከላይ ያሉት ብቻ ናቸው። ሐቀኛ ንግድ ነው አልልህም። ከገዢዎቹ አንዱ ዎዝኒያክ ነበር።

ጥያቄ፦ ሃይ፣ ኤሌክትሪካል ሶስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እኛ ላብ ውስጥ ሶፍትዌሩ ሃንግ ካረገ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። በዛን ጊዜ ያለ ሶፍትዌር ቺፕ እንዴት ዲዛይን ይደረግ ነበር? ደሞ ሌላው በመቶዎች ዶላር ሲሸጥ እነሱ እንዴት በ25 ቻሉ? ኪሳራ አይሆንም? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ በእርሳስ ነዋ እህቴ! እየቀለድኩ አይደለም። 6502 ውስጥ 3,500 ገደማ ትራንዚስተር አለ፣ እያንዳንዷ ትራንዚስተርና እያንዳንዷ ሽቦ ጠረጴዛ በሚያክል ወረቀት ላይ በባለቀለም እርሳስ በእጅ ተስላለች፣ ቺፗ ተደራራቢ ንብርብሮች ስላሏት ለየንብርብሩ ለየብቻ። መስመሩ ከተፈቀደው ከቀጠነ ይበጠሳል፣ ከጎረቤቱ መስመር ከተጠጋ ሾርት ያረጋል፣ ስለዚ ስለው ሲጨርሱ ደግሞ ቁጭ ብለው መስመር በመስመር በማስመሪያ እየለኩ በአይናቸው ቼክ ማረግ አለባቸው። ያለፈቻቸው ስህተት ካለች ማስኩ (ስዕሉ ሲሊከን ላይ የሚታተምበት ቅርጽ) እንደገና ይሰራል፣ ፋብሪካ እንደገና ይጠበቃል፣ ይሄ የወራትና የብዙ ገንዘብ ጉዳይ ነው። ሜንሽ የሚደነቀው እዚህ ጋ ነው፣ ቺፗ ከፋብሪካ የመጀመሪያው ዙር ስትወጣ ሰራች። እርግጥ ቢቶችን (ዜሮና አንዶቹን) ወደ ቀኝ የምታሽከረክረዋ ትእዛዝ መጀመሪያ በወጡት ላይ የለችም፣ በ1976 ነው የገባችው።

ዋጋው ላይ ስንመጣ፣ አሰራሩን ካየሽው ኪሳራ አይደለም። ድፎ ዳቦ ውስጥ ሶስት ጠጠር ቢኖር፣ ዳቦውን ትልልቅ አርገሽ ከቆረጥሽው ብዙውን ትጥያለሽ፣ ትንንሽ ከቆረጥሽው ግን የምትጥይው ሶስት ቁራሽ ነው። ቺፖቹ የሚቆረጡበት ስስ የሲሊከን ሳህን፣ ዌፈሩም ላይ አቧራና እንከን አይጠፋም፣ ቺፗ ባነሰች ቁጥር ከአንድ ዌፈር ብዙ ይወጣል፣ የሚበላሸውም መጠን ይቀንሳል። ስለዚ ከ6800 ላይ የግድ ያልሆነውን ሁሉ ቆረጡት፦ ሁለት የነበረው አኪውሙሌተር (የሂሳብ ውጤት የሚያዝበት ቦታ) አንድ ሆነ፣ ባለ 16 ቢቱ ኢንዴክስ ሬጅስተር (አድራሻ ለመቁጠር የሚረዳው) በሁለት ባለ 8 ቢት ተተካ፣ የአድራሻ መስመሮቹን ከባሱ (ከጋራ ሽቦዎቹ) ላይ የሚያላቅቀው ሰርኪውት ወጣ። በዛ ላይ ኤም.ኦ.ኤሶች ማስክ ላይ ያገኙትን እንከን ማስተካከል ይችሉ ስለነበር ከሌላው የተሻለ ምርት ነበራቸው። በቺፕ ዲዛይን ትልቁ ችሎታ ምን ልተው የሚለው ነው ብዬ ነው የማምነው፣ አስተማሪዎችሽ ላይስማሙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬን በሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስለ 6502 ቀደም ብዬ ሰምቼ ነበር፣ የማልሰማው ባለሙያው ከዚያ በኋላ ምን እንደሠራ ነው። እሱም ተጠቀመ ወይስ ካምፓኒው ብቻውን በላው? (አንድ አዛውንት አንባቢ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልን አባታችን። ካምፓኒውም እንዳሰበው አልበላም። ሞቶሮላ ወዲያው ከሰሳቸው፣ ምክንያቱም 6501 የምትባለዋ እህት ቺፕ የሞቶሮላ 6800 ሶኬት ላይ በቀጥታ የምትገባ ነበረች። መጨረሻ ላይ 200,000 ዶላር ከፍለው 6501ን ከገበያ አውጥተው ታረቁ፣ በዚሁ በ1976 ኮሞዶር ካምፓኒውን ገዛው።

ሜንሽ ወደ አሪዞና ተመልሶ በ1978 ሜሳ ከተማ ውስጥ ዌስተርን ዲዛይን ሴንተር የሚባል የራሱን ትንሽ ድርጅት ከፈተ። ፋብሪካ የለውም፣ ዲዛይኑን ይሰራል፣ ሌሎች ፈቃድ ገዝተው ያመርታሉ፣ እሱም ከዛ ይከፈለዋል። መጀመሪያ 65ሲ02ን አወጣ፣ ያቺው 6502 ናት ግን ሲሞስ በሚባል የቺፕ አሰራር የተሰራች፣ ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት የምትበላ። በዚህ ጠባይዋ ሰው ደረት ውስጥ የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ መሳሪያ ውስጥ ሁሉ ገብታለች። ቀጥሎ ባለ 16 ቢቷን 65816 ሰራ፣ ሌይአውቷ (የቺፗ ስዕል) ላይ እህቱም ሰርታለች፣ እሷ ደግሞ አፕል 2 ጂ.ኤስ እና ሱፐር ኒንቴንዶ ውስጥ ገባች።

ለኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የ1983ቱ እንግዶች ናቸው። አኮርን ከሚባለው የእንግሊዝ ካምፓኒ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር አዲስ ፕሮሰሰር ፍለጋ ሜንሽ ጋ መጡ፣ ትልቅ ህንጻ በሰው የተሞላ ጠብቀው ነበር፣ ያገኙት ተራ ቤት የሚመስል ቢሮና አፕል 2 ኮምፒውተር ላይ ቺፕ ዲዛይን የሚያደርጉ ተማሪዎች ናቸው። እነዚህ ከቻሉ እኛስ ብለው ተመለሱ። በሚያዝያ 1985 የራሳቸው ፕሮሰሰር ኤ.አር.ኤም የመጀመሪያዋ ናሙና ሰራች፣ ዛሬ በእጅዎ ያለው ስልክ ፕሮሰሰሩ የዛች ዘር ነው።

እርስዎ ብየዳ የሚችሉ ሰው ስለሆኑ ደግሞ ይሄን ልንገርዎ፣ 65ሲ02 ዛሬም አዲስ እየተመረተች ትሸጣለች፣ ባለ 40 እግሯ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ትሰካለች። የድሮዋ ክሎኳ (እርምጃዋን የሚመራት የኤሌክትሪክ ምት) ከቆመ የያዘችው ይጠፋባት ነበር፣ የአሁኗ ግን ቢያቆሟትም አትረሳም፣ ስለዚህ በክሎኩ ፈንታ ተጭነው የሚለቋት፣ ንዝረቷን የሚያጠፋ ሰርኪውት ያላት አንዲት ማብሪያ አድርገው እግሮቿ ላይ ኤል.ኢ.ዲ ከነሬዚስተሩ ቢያያይዙ፣ በአንድ ጭነት አንድ እርምጃ እየሄደች የትኛውን የሜሞሪ አድራሻ እንደምትጠራ ቁጭ ብለው ማየት ይችላሉ።