መልስ፦ ውሻው የእውነት ነው ወይስ ኮምፒውተር?

ወንድሜ፣ ውሻ ቅርጫት ኳስ የሚጫወትበት ኤር ባድ የሚባለው ፊልም ከልጆች ጋር ይታያል ወይ፣ ውሻውስ የእውነት ነው ወይስ በኮምፒውተር የተሠራ ላልከው፣ የእውነት ነው ባክህ! ፊልሙ በፈረንጅ 1997 የወጣ ነው፣ ውሻው በዲ የሚባል ጎልደን ሪትሪቨር ነው፣ ኳሷን ሲወረውሩለት ዘሎ በአፍንጫው ገጭቶ ነው ቅርጫት የሚከታት። ልጁ አባቱ ሞቶበት አዲስ ከተማ ገብቶ ጓደኛ ሲያጣ ነው ከሱ የሚገጥመው፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሆድ ያባባል፣ በኋላ ሳቅ ብቻ ነው። እኛ ማርቆስ ስናየው እናቴ "ኧረ ውሻ ቤት ውስጥ!" ብላ ጋቢዋን አፏ ላይ ያዘች፣ ጨዋታው ሲጀመር ግን ከሁላችን በላይ የጮኸችው እሷ ናት። በነጋታው ልጄ ለኛው ቡቺ የካልሲ ኳስ ሲወረውርለት አረፈደ፣ ቡቺ ሆዬ ኳሷን ነጥቆ ጌሾው ስር ቀበራት 😂