«በፖይንት ስንት?» ለሚልህ ኮንትራክተር

አዳማ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ዘጠኝ ዓመት መስመር ስዘረጋ ቆይቼ አሁን ሌሎች የሠሩትን መመርመር ጀምሬያለሁ። ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሊከራይ ነው። የታችኛውን ወለል የሚይዘው ክሊኒክ የኤሌክትሪክ ሥራው በገለልተኛ ባለሙያ ካልታየ አልገባም ብሏል። አራት ቦርድ (የብሬከር ሳጥን) እና 46 ሰርኪት (ከየብሬከሩ የሚወጣ መስመር) አለው። መስመሩን የዘረጋው ኮንትራክተር ‹210 ፖይንት (መብራትና ሶኬት ተቆጥሮ) ነው፣ በፖይንት 15 ብር እከፍልሃለሁ፣ ወረቀቱን ስትሰጠኝ ገንዘብህን ትወስዳለህ› አለኝ። ያዋጣኛል?»

አያዋጣህም፣ ወንድሜ። የገንዘቡ ማነስ ግን ሁለተኛው ችግር ነው። የመጀመሪያው ችግር የሚከፍልህ ሰውና የሚከፍልበት ጊዜ ነው። ኮንትራክተሩ «ወረቀቱን ስትሰጠኝ» ሲል «ሥራዬን ስታሳልፍልኝ» ማለቱ ነው። የራሱን ፈተና የሚያርመውን መምህር ራሱ ሊቀጥር ይፈልጋል።

እኔ ይህንን የተማርኩት ከስሬ ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ አዳማ አንድ ፔንስዮን እንድመረምር ተጠራሁና ግማሹን ቀድሜ፣ ግማሹን ወረቀቱ ሲወጣ ልቀበል ተስማማሁ። በመጀመሪያው ቀን የሁለተኛው ፎቅ ቦርድ ውስጥ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) እና የመሬት ሽቦው አንድ ላይ ታስረው አገኘኋቸው። በዚያ ምክንያት አርሲዲው (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ ኃይሉን የሚቆርጠው መሣሪያ) በየጊዜው እየቆረጠ ስላስቸገራቸው እሱን አውጥተው መስመሩን ቀጥታ አገናኝተውታል። ጻፍኩት። በሳምንቱ «ተስተካክሏል፣ ብቅ በል» ተባልኩ። ቦርዱ በእርግጥ ተስተካክሎ ነበር፤ የሻወር ውሃ ማሞቂያዎቹ ግን የመሬት ሽቦ አልነበራቸውም። እንዲህ እያልኩ አራት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ለሦስቱ ምልልስ አምስት ሳንቲም አልተከፈለኝም። በአራተኛው ቀን ማታ፣ ባትሪዬን ይዤ አንድ የላላ ግንኙነት እያየሁ፣ «ይችን እንኳን ልለፋት» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አላለፍኳትም፤ ቀሪውን ግማሽ ክፍያም እስከ ዛሬ አላየሁትም። ያስደነገጠኝ ግን ገንዘቡን ማጣቴ ሳይሆን ያ ሐሳብ መምጣቱ ነው። ሐሳቡን ያመጣው የተስማማሁበት የአከፋፈል መንገድ ነበር።

አሁን ወደ ስሌቱ። ፖይንት የገጣሚው መለኪያ ነው፤ እያንዳንዱ ፖይንት ኮንዲዩት (ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ)፣ ሽቦ፣ ሳጥንና ጉልበት ስለሚበላ ለእሱ ልክ ነው። የመርማሪውን ጊዜ የሚበላው ግን ሰርኪቱ ነው። በአንድ ሰርኪት ላይ አሥር መብራት ቢኖርም የኢንሱሌሽኑን (የሽቦውን ሽፋን) ፍተሻ በሜገር፣ ማለትም የሽፋኑን መቋቋም በሚለካው መሣሪያ፣ በ500 ቮልት የምሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ ንባቡ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ አያልፍም። የመሬት ሽቦውን ቀጣይነት፣ የፌዝና የኒውትራሉን አቀማመጥ፣ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ካለ የሚቆርጥበትን ጊዜ ሁሉ ስጨምር ለአንድ ሰርኪት በአማካይ 12 ደቂቃ ይፈጅብኛል። በካሬ ሜትር ማስላትም ያሳስታል፤ ሰፊ መጋዘን ስምንት ሰርኪት ብቻ ሊኖረው ይችላል፣ ጠባብ ክሊኒክ ደግሞ ሠላሳ።

የአንተን ሕንፃ እንቁጠር። 46 ሰርኪት በ12 ደቂቃ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። አራቱን ቦርዶች ከፍቶ ማየትና ማጥበቂያዎቹን መፈተሽ ሁለት ሰዓት፣ የመሬት መቅበሪያውን (የመሬት ሽቦው የሚያያዝበትን፣ አፈር ውስጥ የተቀበረውን ብረት) መለካት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ደረጃ መውጣቱንና ቁልፍ የያዘውን ሰው መጠበቁን ጨምረህ ሁለት ቀን በለው። ሪፖርቱ በሰርኪት በሰርኪት ሲጻፍ ሌላ አንድ ቀን ይሆናል። ሦስት ቀን።

የአንድ ቀን ዋጋህን ደግሞ ከራስህ ወጪ አውጣው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የራስህን ተካበት። በወር ለራስህ የምትቆርጠው ደመወዝ 35,000 ብር ይሁን። መለኪያዎችህ 180,000 ብር አውጥተው አምስት ዓመት ቢያገለግሉህ በወር 3,000 ይሆናል። ለካሊብሬሽን (የመለኪያዎቹን ትክክለኛነት ለማስፈተሽ) 1,000፣ ለትራንስፖርት 4,000፣ ለስልክና ለህትመት 1,500፣ ለፈቃድ እድሳትና ለሒሳብ ሠራተኛ 1,500። ድምሩ 46,000 ነው። ሥራ ለሚጠፋበት ወር አሥር በመቶ ጨምርበት፤ 50,600። ወሩ ሠላሳ ቀን ቢሆንም የሚከፈልህ ሠላሳውን አይደለም፤ ደንበኛ ስታነጋግርና ስትመላለስ የሚያልፈው ሲቀነስ አሥራ ሁለት ቀን ብታገኝ ደህና ነው። ስለዚህ አንድ ቀንህ 4,200 ብር አካባቢ ያወጣል፤ የዚህ ሕንፃ ዋጋ 12,600። የኮንትራክተሩ 3,150 ብር የዚህ ሩብ ነው። የቫት ተመዝጋቢ ከሆንክ 15 በመቶው ከዚህ በላይ የሚታከል መሆኑን ቀድመህ ንገራቸው፤ በኋላ የሚነሳው ጭቅጭቅ አያልቅም።

ድጋሚ ምርመራ የራሱ ዋጋ ይኑረው፤ እኔ በየምልልሱ የግማሽ ቀን አስከፍላለሁ። ይህ ዋጋ በጽሑፍ ከሰፈረ ኮንትራክተሩ «ተስተካክሏል» ብሎ ከመደወሉ በፊት ራሱ ሄዶ ያያል። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። የአርሲዲውን የመቁረጫ ጊዜና የሉፕ ኢምፒዳንሱን (ብልሽት ሲፈጠር ኤሌክትሪኩ የሚዞርበት መንገድ ያለውን መቋቋም) ለመለካት ኃይል ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰዓት ከጠፋ ሌላ ቀን መምጣትህ ነውና ዋጋው ይታወቅ። «ጄኔሬተር እናስነሳልህ» ቢሉህ ለሉፕ ንባቡ አትቀበል፤ የጄኔሬተሩ ኢምፒዳንስ ከመስመሩ የተለየ ስለሆነ ቁጥሩ ያሳስትሃል።

የመሬት መቅበሪያውን ልኬት ለብቻው ዋጋ አውጣለት። መለኪያው ርቀው የሚተከሉ ሁለት ችካሎች ይፈልጋል፤ ግቢው በሙሉ ንጣፍ ከሆነ ቦታ ስትለምን ግማሽ ቀን ይሄዳል። የስምጥ ሸለቆው አመዳምና ቀላል አፈር ደግሞ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። ነሐሴ ላይ ያማረ ንባብ የካቲት ላይ ከፍ ሊል ስለሚችል የለካህበትን ቀንና የአፈሩን ሁኔታ ሪፖርቱ ላይ ጻፍ። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ኮንዲዩት እንዳላየህም ጻፍ። ሪፖርትህ የኤሌክትሪክ አገልግሎትን ወይም የሕንፃ ሹሙን ፈቃድ እንደማይተካም አስፍር። የብቃት ማረጋገጫህ ደረጃ ከሚፈቅደው በላይ የሆነ ሥራ ከሆነ ዋጋ ሳትናገር ተወው።

ባለቤቱ ጉድለቱን ሲያይ «በቃ አንተው አስተካክለው» ማለቱ አይቀርም። የጥገናው ክፍያ ከምርመራው ሊበልጥ ይችላል፤ ቢሆንም እዚያ ሕንፃ ላይ አትንካው። የራስህን ሥራ ራስህ ልታሳልፍ ነውና።

ለኮንትራክተሩ እንዲህ በለው፦ ውል የምፈርመው ከሕንፃው ባለቤት ወይም ከክሊኒኩ ጋር ነው፤ ባለቤቱ ከፈለገ ከአንተ ሒሳብ ይቀንስ። ግማሹን ሥራ ስጀምር፣ ግማሹን ሪፖርቱን ሳስረክብ እቀበላለሁ፤ ሪፖርቱ «አለፈ» ቢልም «አላለፈ» ቢልም። ከዚያ በፊት ግን የአራቱንም ቦርዶች ፎቶ፣ በራቸው ተከፍቶ፣ በቴሌግራም ይላኩልህና 46 መሆኑን ብሬከሮቹን ራስህ ቁጠር። የአንዱ ቦርድ ፎቶ ከጎደለ ዋጋ ከመናገርህ በፊት ለምን እንደቀረ ጠይቅ።