ፍላሹን ሳይነቅሉ ዲስኩን አይጠርጥሩ

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬን ማታ በደህና ዘግቼው ነበር። ጠዋት ሳበራው በጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች እንጂ ከዚያ አያልፍም። ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሎ ይሆን? የልጆቼ ፎቶዎች በሙሉ እዚያ ናቸው።

መልስ፦ አይዞዎት፤ መጀመሪያ የዩኤስቢ መሰኪያዎቹን ይመልከቱ፤ ከኋላ ያሉትንም ጭምር። እኔ አንድ ጊዜ ዲስክ ልቀይር ብሎኖቹን ሁሉ ከፈታሁ በኋላ ነው ከጀርባ የተሰካችውን ጥፍር የምታህል ፍላሽ ያየሁት። የተረሳ ፍላሽ ካለ ይንቀሉት፤ የማብሪያውን ቁልፍ ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ያጥፉና እንደገና ያብሩት።

ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስን በተራ የሚፈልግባቸው ቦታዎች አሉት። ዩኤስቢ ከዲስኩ ቀድሞ ከተሰለፈ፣ ፍላሹ ላይ ያለው ሙዚቃ ብቻ ቢሆንም እንኳ እዚያው ቆሞ ሊቀር ይችላል። ተራውን ለማስተካከል ገና ሲበራ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ ቁልፉ እንደ ኮምፒውተሩ ሥሪት ይለያያል። ከዚያ "ቡት" በሚለው ገጽ የውስጡን ዲስክ አንደኛ አድርገው መዝግበው ይውጡ።

ፍላሹ ተነቅሎም ካልተነሳ፣ አደራዎን፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ለመጫን አይቸኩሉ። በቅድሚያ ፎቶዎቹን ባለሙያ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጥልዎ።